ኮምፒዩተር በተሰናከለ ጊዜ ስለሚጠፋው መዝገብ

ከመሐል ሜዳ እስከ ራቤል፥ ከሞላሌም እስከ ዓለም ከተማ ባሉት ከተሞች የሚሠራ የመንግሥት ሠራተኛ ጧት ከጽሕፈት ቤቱ ገብቶ የሚከፍተው እንደ ቀድሞው የወረቀት መዝገብ ብቻ አይደለም። ብራውዘር የሚባለው፥ ድረ ገጽ የሚታይበት መስኮት፥ የሥራው በር እየሆነ መጥቷል። ዘገባ የሚላከው፥ መመሪያ የሚመጣው፥ ስም ዝርዝር የሚመዘገበው በዚህ በር እየሆነ ስለ ሄደ፥ በሩ በድንገት የተዘጋ ቀን ከውጭ ቆሞ የሚቀረው ሠራተኛው ብቻ አይደለም፤ ከሩቅ ቀበሌ ገደል ወጥቶ፥ ወንዝ ተሻግሮ የመጣው ባለ ጉዳይም አብሮት ይቆማል። ስለዚህ ነገሩ የአንድ ጸሐፊ የግል ችግር መስሎ ቢታይም፥ የመንግሥትን ሥራና የሕዝብን ጉዳይ የሚነካ መሆኑን አስበን ጥቂት ልንጽፍበት ወደድን።

አደጋው የሚደርሰው እንዲህ ነው። ዝናብና ነጐድጓድ በበረታበት በክረምት ቀን መብራት ድንገት ይጠፋል፥ ወይም ኮምፒዩተሩ ከእርጅና የተነሣ በሥራ መካከል ደርቆ ይቀራል። ተመልሶ በተነሣ ጊዜ ብራውዘሩ ትናንት ከመደብር እንደ መጣ ዕቃ ባዶ ሆኖ ይታያል። ሠራተኛው ለሁለትና ለሦስት ዓመት አንድ በአንድ ሲሰበስብ የኖረው የድረ ገጽ ዕልባት የለም፤ የይለፍ ቃሎቹ የሉም፤ ጧት ከፍቶ ሲሠራባቸው የነበሩት ገጾች የሉም፤ ባለፈው ሳምንት የት ገብቶ ምን እንዳየ የሚያስታውሰው የጕብኝት መዝገብም የለም። ይህን ያየ ሰው ወዲያው «ጠፋ» ይላል። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ የምንወደው፥ አብዛኛውን ጊዜ መረጃው በተሰናከለበት ሰዓት እንዳልጠፋ፥ የሚጠፋውም ከዚያ በኋላ በሚደረገው ችኰላ መሆኑን ነው።

ዕልባት ማለት የቤተ ክህነት ሊቃውንት እንደሚያውቁት አንባቢ የሚፈልገውን ምዕራፍ ቶሎ ያገኝ ዘንድ በመጽሐፉ ቅጠል ላይ የሚደረግ ምልክት ነው። የብራውዘሩም ዕልባት ከዚህ የተለየ ሥራ የለውም። ማኅደርም የብራና መጽሐፍ የሚቀመጥበት የቆዳ ቤት እንደ ሆነ ሁሉ፥ ብራውዘርም ዕልባቱን፥ የይለፍ ቃሉንና የጕብኝቱን መዝገብ ሰብስቦ የሚያኖርበት አንድ ማኅደር በኮምፒዩተሩ ዲስክ ላይ አለው፤ የሙያው ሰዎች ፕሮፋይል ይሉታል። ክሮም የተባለው ብራውዘር የመጀመሪያውን ማኅደር «ዲፎልት» ብሎ ይሰይመዋል፤ ፋየርፎክስ ደግሞ ፊደልና ቍጥር የተቀላቀለበት ስም ይሰጠዋል። እንግዲህ መስኮቱ ባዶ ሆኖ ታየ ማለት ማኅደሩ ባዶ ሆነ ማለት አይደለም። ብራውዘሩ አሮጌውን ማኅደር ማንበብ ተስኖት አዲስ ማኅደር ከፍቶ የሚነሣበት ጊዜ አለ፤ አሮጌው ግን በአጠገቡ ተቀምጦ ይገኛል። በዕቃ ቤት ግድግዳ ላይ አንድ ባዶ ማኅደር ተሰቅሎ አይቶ «መጽሐፉ ተሰረቀ» ብሎ የሚጮኽ ዲያቆን ቢኖር፥ አለቃው በአጠገቡ የተሰቀሉትን ሌሎቹን ማኅደሮች አስቀድሞ እንዲመለከት ያዝዘዋል እንጂ ወደ ዳኛ አይልከውም።

መሰናከል ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ቀላሉ ብራውዘሩ ብቻ የወደቀ እንደ ሆነ ነው። እንደ ገና በተከፈተ ጊዜ የነበሩትን ገጾች ልመልስን ብሎ ይጠይቃል፤ እሺ ማለት ይበቃል። ሳይጠይቅ ቢቀርም ኮንትሮል፥ ሺፍትና ቲ የተባሉትን ሦስት ቍልፎች በአንድነት ቢጫኑ የተዘጋው ገጽ ይመለሳል። ፋየርፎክስ የተከፈቱትን ገጾች ዝርዝር በየ15 ሰኮንዱ ስለሚጽፍ፥ መብራት ድንገት ቢጠፋ እንኳ ከዝርዝሩ የሚጐድለው ጥቂት ነው። የጕብኝቱም መዝገብ በክሮም ዘንድ እስከ 90 ቀን ይቆያልና፥ ዕልባቱ የጠፋበት ሰው የሦስት ወር መንገዱን ከዚያ መልሶ ሊያገኝ ይችላል። በቅጽ ላይ ተጽፎ ገና ያልተላከው ቃል ግን በብዙ ድረ ገጾች ዘንድ አይመለስም፤ ስለዚህ ረጅም ነገር የሚጽፍ ሰው አስቀድሞ በሌላ መዝገብ ጽፎ በኋላ ወደ ቅጹ ቢያዛውረው ይሻላል።

ከዚህ የሚከብደው ኮምፒዩተሩ ራሱ አልነሣ ያለ እንደ ሆነ ነው፤ ከሁሉም የሚከብደው ዲስኩ የታመመ እንደ ሆነ ነው። የታመመ ዲስክ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ በማሰማቱ፥ ወይም አንድ ትንሽ መዝገብ ለመክፈት ብዙ ደቂቃ በመፍጀቱ ይታወቃል። በሁለቱም ጊዜ የመጀመሪያው ትእዛዝ አንድ ነው፤ እርሱም እጅን መሰብሰብ ነው። የመንዝ ሰዎች የጓሳን ሜዳ ቀሮ በሚባለው ሥርዓት ሲጠብቁ በኖሩበት ዘመን፥ ይኸውም እስከ 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ድረስ፥ ሣሩ ያገግም ዘንድ ሜዳውን በተከታታይ ዓመታት ይዘጉት ነበር። በዚያ ጊዜ ከብት ማሰማራትም ማጨድም ክልክል ነበር። ሣሩን የሚመልሰው የተፈጥሮ ሥራ ነው፤ የሰው ሥራ አለመርገጥ ነበር። መረጃው የተሰወረበትም ዲስክ እንዲሁ መዘጋት አለበት።

ምክንያቱን ብራና ፍቆ የጻፈ ሰው በቀላሉ ያስተውለዋል። ጸሐፊ የተሳሳተውን ቃል በስለት ሲፍቀው ቀለሙ ጨርሶ የማይለቅበት ጊዜ አለ፤ ብራናውን ወደ ብርሃን ቢያዘነብሉት የቀድሞው ፊደል ይነበባል። የማይነበብ የሚሆነው ሌላ ቃል በላዩ የተጻፈበት ጊዜ ነው። ኮምፒዩተርም አንድን መዝገብ አጥፋ ሲሉት ስሙን ከማውጫው ይሰርዛል፥ ስፍራውንም እንደ ባዶ ይቈጥረዋል እንጂ የተጻፈውን ወዲያው አይፍቀውም። ስለዚህ በዚያው ዲስክ ላይ ፊልም ማውረድ፥ አዲስ ፕሮግራም መጫን፥ የጠፋውን ይፈልግልናል የተባለውን ፕሮግራም ራሱን እንኳ በዚያው ላይ መጫን በአሮጌው ጽሑፍ ላይ አዲስ መደረብ ነው። ይህ ሁሉ ግን ለቀድሞው ለሚሽከረከረው ዲስክ ነው። ኤስ ኤስ ዲ በሚባለው በአዲሱ ዓይነት ዘንድ የተሰረዘውን ስፍራ መሣሪያው ራሱ ጥቂት ቆይቶ ስለሚያጸዳው፥ ከተሰረዘ በኋላ የማግኘቱ ተስፋ እጅግ የጠበበ ነው። አዲሶቹ ኮምፒዩተሮች አብዛኞቹ በዚህ ዓይነት ዲስክ የሚሠሩ ናቸውና ይህን አለማወቅ ጉዳት ያመጣል።

ትክክለኛው አሠራር ዲስኩን ከወደቀው ኮምፒዩተር አውጥቶ እንደ ሁለተኛ ዲስክ ከደኅነኛ ኮምፒዩተር ጋር ማገናኘት፥ ወይም ሊኑክስ የሚባለውን ሥርዓት ከፍላሽ ላይ አስነሥቶ ማኅደሩን በሙሉ ወደ ሌላ ስፍራ መገልበጥ ነው። ከዚያ በኋላ ሙከራው ሁሉ በግልባጩ ላይ ይደረጋል፤ ዋናው አይነካም። ዲስኩ በቢትሎከር የተቈለፈ ከሆነ 48 አኃዝ ያለው የመመለሻ ቍጥር ካልተገኘ ማንም ሊያነበው አይችልም፤ ይህ ቍጥር ኮምፒዩተሩ ደኅና ሳለ ተጽፎ መቀመጥ የሚገባው ነው። በማኅደሩ ውስጥ ደግሞ ሳያውቁት የሚጠፋ ሀብት አለ። ክሮም ዕልባቱን በአንድ መዝገብ ጽፎ የቀድሞውን ግልባጭ በአጠገቡ ያኖራል፤ ነገር ግን ብራውዘሩ እንደ ገና ተነሥቶ መሥራት በጀመረ ጊዜ ያን ግልባጭ በአዲሱ ይተካዋል። «እስቲ ደግሜ ልክፈተው» እያለ ሦስት አራት ጊዜ የሚሞክር ሰው መድኀኒቱን በገዛ እጁ ያፈስሰዋል። ፋየርፎክስ በዚህ ረገድ የበለጠ ጠንቃቃ ነው፤ ቀን የተጻፈባቸውን የዕልባት ግልባጮች እስከ 15 ድረስ ለብቻቸው በአንድ ማኅደር ያከማቻል።

ከዚህ ቀጥሎ የምንናገረው ነገር ለባለሙያዎች ሊመር ይችል ይሆናል። ኮምፒዩተር በተሰናከለ ቁጥር የሚሰማው የመጀመሪያው ፍርድ «ፎርማት ይደረግ» የሚል ሆኗል። ፎርማት ማድረግ ሰሌዳውን ጠርጎ ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫን ነው። ለጠጋኙ ይህ ቀላል ነው፤ በአንድ ሰዓት ሥራውን ይጨርሳል፥ ኮምፒዩተሩም ፈጣን ሆኖ ይመለሳል፥ ባለቤቱም ለጊዜው ደስ ይለዋል። ነገር ግን ማሽኑን ለማዳን ሲባል ማሽኑ የተገዛለት ነገር ይጠፋል። ቤቱ አፈሰሰ ተብሎ ክዳኑ ሲታደስ በውስጡ ያለውን እህል አስቀድሞ ማውጣት እንደሚገባ የማያውቅ ገበሬ የለም። በመሥሪያ ቤት ግን ሳይገለበጥ እንዳይጠረግ የሚል የተጻፈ ትእዛዝ ብዙ ጊዜ አይገኝም።

በይለፍ ቃል ረገድ ጉዳቱ የባሰ ነው። ክሮም በዊንዶውስ ላይ ያስቀመጠውን የይለፍ ቃል በምስጢር ጽሕፈት ይጽፈዋል፤ የምስጢሩም መክፈቻ ከኮምፒዩተሩ ተጠቃሚ መለያ ጋር የተሳሰረ ነው። ዊንዶውስ ተጠርጎ እንደ አዲስ ከተጫነ፥ የይለፍ ቃሉ መዝገብ በሌላ መንገድ ቢገኝ እንኳ መክፈቻው ስለ ጠፋ የሚነበብ አይሆንም። ሣጥኑ ተገኝቶ ቍልፉ እንደ ቀለጠ ማለት ነው። በፋየርፎክስ ዘንድ ደግሞ የይለፍ ቃሉና የቍልፉ መዝገብ በአንድ ማኅደር ውስጥ ሁለት ናቸው፤ አንዱን ይዞ ሌላውን የተወ ሰው ምንም አልያዘም። ስለዚህ የተመረጡ መዝገቦችን ከመለቃቀም ይልቅ ማኅደሩን በሙሉ መገልበጥ እንደሚገባ ደጋግመን እንናገራለን።

«ይህ ሁሉ ድካም ለምን ያስፈልጋል? ብራውዘሩን ከጉግል መለያ ጋር ቢያስተሳስሩት ዕልባቱም የይለፍ ቃሉም በሩቅ አገር ባለ ኮምፒዩተር ተቀምጦ ይቈያል» የሚሉ አሉ። እውነት አላቸው፤ መተሳሰሩም በጎ ነው። ነገር ግን ሁለት ነገር መታሰብ ይገባዋል። አንደኛው፥ በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በብዙ ስፍራ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደ ነበረ ሁሉም ያስታውሰዋል። በዚያ ጊዜ በሩቅ አገር የተቀመጠ ግልባጭ ለመሐል ሜዳ ሠራተኛ እንዳልተጻፈ ያህል ነበር። እጅ የሚደርስበት ሌላ ግልባጭ በአገር ውስጥ፥ በወረዳው ውስጥ፥ በካዝና ውስጥ ሊኖር ያስፈልጋል። ሁለተኛው፥ መለያው የማን ነው? በአንድ ሠራተኛ የግል ኢሜይል የተከፈተ መለያ የዚያ ሠራተኛ ነው። ሠራተኛው ወደ ሌላ ወረዳ ሲዛወር፥ ሲሞት ወይም ሲጣላ የመሥሪያ ቤቱ በር ቍልፍ አብሮት ይሄዳል። በዚህ ጊዜ ኮምፒዩተሩ ሳይሰናከል መሥሪያ ቤቱ ተሰናከለ ማለት ነው፤ ይህንንም የሚመልስ ምንም ዓይነት ፕሮግራም የለም። እንደ እኛ አሳብ ከመብራት መጥፋት ይልቅ የሚያስፈራው ይህ ነው።

አንድን ጽሑፍ በሁለት ስፍራ ማኖር ለዚህ አገር እንግዳ ትምህርት አይደለም። የቀድሞ አብያተ ክርስቲያናት የርስትንና የጕልትን ውል በወንጌሉ ባዶ ቅጠሎች ላይ ይጽፉ የነበሩት፥ ከመጽሐፍ ሁሉ ይልቅ ወንጌሉ ስለሚጠበቅ ነው። በዘመናችንም በአማራ ክልል ከ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ጀምሮ በተደረገው የገጠር መሬት ምዝገባ፥ ገበሬው የይዞታ ደብተሩን በቤቱ ይዞ መዝገቡ ደግሞ በመንግሥት ዘንድ እንዲኖር ሆኗል። የመንዝ ገበሬ ደብተሩን በሣጥኑ ቈልፎ ሲያኖር፥ ሳያውቀው የወረዳውን መዝገብ ሁለተኛ ግልባጭ እየጠበቀ ነው። አንደኛው ቢቃጠል ሌላው ይመሰክራል።

ከሁሉ የበለጠው ምስክር ግን በእኛው አገር በ1960ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ የተጀመረው የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራ ነው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን መንበረ ፓትርያርክና በአሜሪካ በሚኒሶታ የሚገኘው የቅዱስ ዮሐንስ ዩኒቨርሲቲ የብራና ቤተ መጻሕፍት ባሉበት ኅብረት፥ ፎቶግራፍ አንሺዎች በየአድባራቱና በየገዳማቱ እየዞሩ መጻሕፍቱን ቅጠል በቅጠል አነሡ። በዚያን ጊዜ አጠራር የመንዝና ግሼ አውራጃ የነበረው አገር መጻሕፍትም በዚህ ስብስብ ውስጥ ይገኛሉ። ፊልሙ በአዲስ አበባ ቀርቶ ግልባጩ ወደ ሚኒሶታ ተላከ። የመጻሕፍቱ ቍጥር ወደ 9 ሺህ ደረሰ። በ2013 ዓ.ም. ያረፉት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም፥ የሸንኮራው ተወላጅ፥ በስደት ሆነው ለብዙ ዓመታት የእነዚህን መጻሕፍት ዝርዝር በማዘጋጀት ደከሙ። ሥራው ሲጀመር የመንግሥት ለውጥና ጦርነት እንደሚከተል ያሰበ ሰው አልነበረም፤ ግልባጩ ግን ቀድሞ ተነሥቶ ስለ ነበረ ያ ሁሉ በመጣ ጊዜ በሁለት አህጉር ተቀምጦ ተገኘ።

የዚህም ፍሬ በ2008 ዓ.ም. በግልጽ ታየ። በዋሽንግተን የሚገኘው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ በስጦታ ከደረሱት የብራና መጻሕፍት መካከል አንዱ፥ የቅዱስ ጳውሎስ ገድል ያለበት፥ ቀድሞ በደብረ ሊባኖስ ገዳም ሳለ በማይክሮፊልም ተነሥቶ የነበረ መሆኑ ታወቀ። ፊልሙና ብራናው ሲመሳከሩ አንድ ሆነው ተገኙ፤ ዩኒቨርሲቲውም መጽሐፉን ለገዳሙ መለሰ። እንግዲህ ግልባጩ የተጻፈውን ቃል ከማዳን አልፎ ዋናውን መጽሐፍ ከባሕር ማዶ መልሶ አመጣ። ፊልሙ ባይኖር ኖሮ ከየት እንደ ወጣ በምን ይታወቅ ነበር?

ግልባጭ አለን ብሎ ሳይመረምሩ መተማመንም ሌላ አደጋ ነው። በ1998 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ፒክሳር የተባለው የአሜሪካ ፊልም ኩባንያ ብዙ የደከመበትን የካርቱን ፊልም አንድ የተሳሳተ ትእዛዝ ከኮምፒዩተሮቹ ላይ ጠረገው። የተጠባባቂው ግልባጭ ሲታይ እርሱም ተበላሽቶ ነበር። ፊልሙ የዳነው አንዲት የኩባንያው ሠራተኛ ሕፃን ወልዳ በቤቷ ሆና ትሠራ ስለ ነበረ፥ በቤቷ ኮምፒዩተር ላይ አንድ ግልባጭ በመገኘቱ ብቻ ነው። እንደዚያ ያለ ባለጸጋ ኩባንያ በአጋጣሚ ከዳነ፥ አንድ ኮምፒዩተር ያለው የወረዳ ጽሕፈት ቤት አጋጣሚን ሊጠብቅ አይገባውም።

ስለዚህ ለመምሪያ ኃላፊዎችና ለወረዳ አስተዳዳሪዎች የምናሳስበው ከባድ ወጪ የማይጠይቅ ነገር ነው። የመሥሪያ ቤት ሥራ የሚሠራበት መለያ ሁሉ በመሥሪያ ቤቱ ስም ይከፈት፤ የግል ኢሜይል ለዚህ አይዋል። የይለፍ ቃሎቹ ዝርዝር በታሸገ ፖስታ ሆኖ በካዝና ይቀመጥ፤ ማን እንደ ከፈተውና መቼ እንደ ከፈተው ይፈረምበት፤ በኮምፒዩተሩ መስታወት ላይ በወረቀት ለጥፎ ማኖር ግን ቍልፍን በበር ላይ ሰቅሎ እንደ መሄድ ስለ ሆነ ይከልከል። በየዓርቡ ከሰዓት በኋላ ብራውዘሩ ተዘግቶ ማኅደሩ በሙሉ ወደ ውጭ ዲስክ ይገልበጥ፥ ዕልባቱም ለብቻው ወደ አንድ መዝገብ ይውጣ፤ ይህ የሩብ ሰዓት ሥራ ነው። ከዲስኩ ሁለት ተገዝቶ አንዱ በጽሕፈት ቤቱ ሳለ ሌላው በየወሩ ወደ ደብረ ብርሃን በሚሄደው የመሥሪያ ቤት መኪና ይላክ፤ አንዱ ሲሄድ ሌላው ይመለሳል። ጦርነቱ በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ወር ሰሜን ሸዋ ድረስ በደረሰ ጊዜ የመሥሪያ ቤት ዕቃ እንዴት እንደሚሆን ያየ ሰው፥ ሁለቱንም ግልባጭ በአንድ ክፍል ማኖር ምን ማለት እንደ ሆነ አይጠፋውም። በየሦስት ወሩም ግልባጩ በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ተከፍቶ መነበቡ ይረጋገጥ። ድንገት ሲጨልም ሥራውን ለመዝጋት የሚበቃ ጥቂት ደቂቃ የሚሰጠው ዩፒኤስ የተባለው የባትሪ መሣሪያም ከቅንጦት ዕቃ አይቈጠር።

የጥገናውም ነገር ሥርዓት ይፈልጋል። የተሰናከለ ኮምፒዩተር ዲስኩ ሳይወጣ ወደ ገበያ ጠጋኝ ሲላክ፥ የይለፍ ቃሉና የሕዝቡ ስም ዝርዝር አብሮ ይላካል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 1321 የሰውን የግል መረጃ የሚይዝ ሁሉ እንዲጠብቀው ግዴታ ጥሎበታል። ጠጋኙ ታማኝ ሰው ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን የመንግሥት ሥራ በጠጋኙ ታማኝነት ላይ ሳይሆን በተጻፈ ርክክብ ላይ ይመሠረታል። ዲስኩ ወጥቶ ይቅር፤ ዲስኩ ራሱ የሚጠገን ከሆነም የመሥሪያ ቤቱ ባለሙያ አብሮ ይቁም፤ ሳይገለበጥ እንዳይጠረግም በርክክቡ ወረቀት ላይ ይጻፍ።

ለአብያተ ክርስቲያናት አለቆችና ጸሐፊዎችም የምንጨምረው አለ። ዛሬ በብዙ ስፍራ ወጣቶች የብራና መጻሕፍትን በስልክና በካሜራ እያነሡ ማስቀመጥ ጀምረዋል፤ ይህም የሚመሰገን ነው። ነገር ግን ሥዕሎቹ በአንድ ላፕቶፕ ወይም በአንድ ፍላሽ ብቻ ተቀምጠው፥ ወይም የተላኩበት ድረ ገጽ ዕልባትና የይለፍ ቃል በአንድ ዲያቆን ብራውዘር ውስጥ ብቻ ተይዞ ከሆነ፥ ብራናው 500 ዓመት የኖረውን ያህል ሥዕሉ አምስት ዓመት ላይኖር ይችላል። ፍላሽ ለማመላለሻ የተሠራ ዕቃ ነው፤ ለዘመናት ማኖሪያ አይደለም። እንግዲህ ሥዕሉ በተነሣበት ቀን ከሦስት ስፍራ ይቀመጥ፤ አንዱ በቤተ ክርስቲያኑ፥ አንዱ በወረዳው ቤተ ክህነት፥ አንዱም በሀገረ ስብከቱ። የመለያውም የይለፍ ቃል በቤተ ክርስቲያኑ ማኅተም ታሽጎ ንዋየ ቅድሳቱ ከሚቈጠርበት መዝገብ ጋር ይቀመጥና፥ ዕቃ ጠባቂው በተለወጠ ቁጥር እንደ መስቀሉና እንደ ጽናው ተቈጥሮ ይረከብ።